የካንሰርን ደብዳቤ መልሶ መጻፍ፦ ስለ ኤክሶሶም ክትባት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እናቴ የጡት ካንሰር ከተገኘባት ሁለት ዓመት አለፈ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ኬሞም ወስዳለች። አሁን ሳንባዋ ላይ ታይቷል ተባልን። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስለተማርኩ ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። በኤክሶሶም ስለሚሠራ የካንሰር ክትባት አነበብኩና ግራ ገባኝ። ክትባት ከታመሙ በኋላ ምን ይሠራል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም? ደግሞ ኤክሶሶም ራሱ ካንሰርን ያሰራጫል የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። ታዲያ መርዙ እንዴት መድኃኒት ይሆናል? በኢንተርኔት የኤክሶሶም መርፌ እንሰጣለን የሚል ክሊኒክ አግኝቼ አነጋግሬአቸዋለሁ። ብሩ ብዙ ነው። ያለንን ሸጠን እናሳክማት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ምንም ነገር አትሽጡ። ለዚያ ክሊኒክም ምንም አትክፈሉ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ለካንሰር ሕክምና ፈቃድ ያገኘ የኤክሶሶም፣ ማለትም ሴሎች ከሚለቋቸው ደቃቅ ከረጢቶች የሚሠራ፣ ክትባት የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ማለትም ኤፍዲኤ፣ በ2019 መጨረሻ ስለ ኤክሶሶም ምርቶች ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ያወጣው የተወጉ ሰዎች ከባድ ጉዳት ስለደረሰባቸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ያነበብሽው ሳይንስ ግን ውሸት አይደለም። ይህንንም አጥብቄ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁበት መስክ ነው፤ ከልቤ ተስፋ የማደርግበትም ነው። ተመራማሪዎች የሚሠሩትና ክሊኒኩ የሚሸጠው የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱን ሌሎች ጥያቄዎችሽን መመለስ አለብኝ። ባዮሎጂ ስለተማርሽ ትንሽ ጠለቅ ልበል።

መጀመሪያ ስለ ጅቡ። እዚህ ጅቡ አልሄደም። ግቢው ውስጥ ነው። የበግ ለምድ ለብሶ ከበጎቹ መሐል ተኝቷል። ውሻው ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ግን የቤት እንስሳ መስሎት ዝም ይላል። ለሕክምና የሚሰጥ ክትባት ውሻውን ቀስቅሶ ለምዱን የሚገልጥለት ነው። ከበሽታው በፊት የሚሰጡ ክትባቶችም አሉ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባትና ጉበትን የሚጠብቀው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንደዚያ ናቸው። እነሱ የሚዋጉት ካንሰር አምጪ ቫይረስን ነው። እኛ አሁን የምንነጋገረው ስለ ሌላው ዓይነት ነው።

ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ከታመሙ በኋላ የሚሰጥ ክትባት በሰው ላይ ውጤት አሳይቷል። ሲፑሉሴል-ቲ የሚባለው የፕሮስቴት ካንሰር ክትባት በ2010 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ከታማሚው ደም በተወሰዱ ሴሎች ነው የሚሠራው። ፈቃድ ባሰጠው ጥናት የተከተቡት ታማሚዎች ጥናቱን ከጀመሩ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 25.8 ወር ሲሆን፣ ያልተከተቡት 21.7 ወር ነበር። አራት ወር ገደማ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን በሩ እንደሚከፈት አሳይቷል። በቅርቡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ታማሚ ለብቻው የሚሠራ የኤምአርኤንኤ ክትባት ሜላኖማ በሚባል የቆዳ ካንሰር ተሞክሯል። ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 157 ሰዎች ተሳትፈዋል። ክትባቱን ፔምብሮሊዙማብ ከሚባል መድኃኒት ጋር የወሰዱት፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በሽታው የመመለስ ወይም የመሞት አደጋቸው በ44 በመቶ ቀንሷል።

አሁን ዋናውን ነገር ላስረዳሽ። ካንሰርን ከሚገድሉት ወታደሮች ዋነኞቹ ቲ ሴሎች ናቸው። ቲ ሴል ግን በራሱ ተነሥቶ አይዘምትም። ዴንድሪቲክ ሴል የሚባል ቃፊር አለው። ቃፊሩ ከዕጢው አካባቢ የፕሮቲን ቁራጭ ይለቅማል። ይዞት ወደ ሊምፍ ኖድ ይሄዳል፤ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ማለት ነው። እዚያ ቁራጩን ለቲ ሴሎች ያሳያል። ቁራጩ አንቲጅን ይባላል። ማሳየት ብቻውን ግን አይበቃም። ቃፊሩ «ይህን ተመልከት» ሲል፣ አብሮ «አደገኛ ነው» ማለት አለበት። ሁለተኛው ምልክት ከሌለ ቲ ሴሉ ተቃራኒውን ይማራል። ያንን ነገር መታገስ ይለምዳል። ይህን ያዢልኝ። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ፣ ክሊኒኩም ጭምር፣ እዚህች ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ኤክሶሶም ሴሎች ወደ ውጭ የሚለቋት ደቃቅ ከረጢት ናት። መጠኗ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ነው። የፀጉር ዘለላ ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይወፍራል። ባለ 100 ናኖሜትር ኤክሶሶሞችን 800 ያህል ጎን ለጎን ብትደረድሪ ነው የአንዲት ፀጉር ውፍረት የሚሞሉት። አሠራሯም ደስ ይላል። መጀመሪያ በሴሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ከረጢት ይኖራል። ግድግዳው ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ትንንሽ ከረጢቶችን በሆዱ ይይዛል። ትልቁ ከረጢት ከሴሉ ሽፋን ጋር ሲዋሐድ ትንንሾቹ ወደ ውጭ ይፈስሳሉ። በውስጣቸው ፕሮቲንና አርኤንኤ አለ። በላያቸው ደግሞ የላኪው ሴል ፕሮቲኖች ተተክለዋል።

እነዚህ ከረጢቶች መጀመሪያ የታዩት በ1983 ነው። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሮዝ ጆንስቶን ቡድንና በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የነበረ ሌላ ቡድን፣ ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎች ሲያድጉ ምን እንደሚያደርጉ ይከታተሉ ነበር። ሴሎቹ ከእንግዲህ የማያስፈልጋቸውን ፕሮቲን በእነዚህ ከረጢቶች ጠቅልለው ሲያወጡ አዩ። ኤክሶሶም የሚለውን ስም ጆንስቶን በ1987 አወጡለት። ለብዙ ዓመት ግን ነገሩ የሴል ቆሻሻ መጣያ ተደርጎ ነው የታየው። ይህን የቀየረው በ1996 የወጣው የግራሳ ራፖዞና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል የሚለቃቸው ኤክሶሶሞች አንቲጅን ማሳያ ሞለኪውሎችን ይዘው እንደሚወጡ አሳዩ። እነዚያ ከረጢቶች ብቻቸውን ቲ ሴልን ማነቃቃት ቻሉ። ቆሻሻ የተባለው ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

ወደ መርዙ ልምጣ። ያነበብሽው ልክ ነው። የካንሰር ሴሎች ኤክሶሶም በብዛት ይለቃሉ፤ ለክፉ ሥራም ይጠቀሙበታል። በ2015 የዴቪድ ላይደን ቡድን አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳይቷል። የካንሰር ኤክሶሶሞች ላያቸው ላይ ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች እንደ አድራሻ ናቸው። አንዱ ዓይነት ከረጢቱን ወደ ሳንባ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ ጉበት። ከረጢቱ ቀድሞ ይደርስና ቦታውን ያመቻቻል። የካንሰሩ ሴል ኋላ ይመጣል። ካንሰር አንዳንድ አካላትን ለምን እንደሚመርጥ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በ2018 ደግሞ የሜላኖማ ሴሎች ፒዲ-ኤል1 የሚባለውን ፕሮቲን በኤክሶሶም ላይ ለጥፈው ወደ ደም እንደሚልኩ ታወቀ። ፒዲ-ኤል1 ለቲ ሴል «ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዕጢው አንድ ቦታ ተቀምጦ በሰውነቱ ሁሉ የሚዞሩትን ቲ ሴሎች ያዳክማል ማለት ነው። ይህን ጥናት ሳነብ ለምን ብዙ ሕክምናዎቻችን እንደሚከሽፉ ትንሽ ገባኝ።

በዓመቱ፣ በ2019፣ የወጣውን ሥራ ግን ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የአይጥ የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎችን ወሰዱ። ፒዲ-ኤል1 ያለበት ኤክሶሶም መልቀቅ እንዳይችሉ አደረጓቸው። ሌላ መድኃኒት አልሰጡም። ከተለወጡት ሴሎች የተነሣው ዕጢ ማደግ አልቻለም። ከዚያ የበለጠ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚያን የተለወጡ ሴሎች ያየ አይጥ፣ ያልተለወጠውን ዋናውን ካንሰር ቢወጋም መቋቋም ቻለ። በሌላ ጎኑ የነበረ ዕጢም ተገታ። ከደብዳቤው ላይ አንድ ቃል ሲፋቅ ዕጢው ራሱ ክትባት ሆነ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። መርዙ ፖስታው አይደለም። መርዙ የተጻፈበት ነው። ኤክሶሶም ለዕጢውም ለቃፊሩም እኩል ያገለግላል። ላኪውንና ጽሑፉን መቀየር ከቻልን እሾህን በእሾህ ማውጣት እንችላለን። ኤክሶሶምን ማሻሻል፣ ወይም አንቺ እንዳነበብሽው ኢንጂነር ማድረግ፣ የሚባለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ላኪውን መቀየር ነበር። በ1998 በፈረንሳይ ጉስታቭ ሩሲ ተቋም የሎረንስ ዚትቮገል ቡድን የካንሰር ሴል ትቶ የቃፊሩን ኤክሶሶም ወሰደ። ዴንድሪቲክ ሴሎችን በላብራቶሪ አሳደጉ። የዕጢ አንቲጅን ጫኑባቸው። የለቀቁትን ኤክሶሶም ሰብስበው ዕጢ ያላቸውን አይጦች ወጉ። ዕጢው ጠፋ ወይም እድገቱ ተገታ። ያኔ የነበረው ደስታ ትልቅ ነበር። ሕይወት ያለው ሴል ከመስጠት ይልቅ የሴሉን መልእክት ብቻ መስጠት ይቻላል ማለት ነው። ከረጢት አይባዛም። በማቀዝቀዣም ይቆያል።

ወደ ሰው ለመድረስ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ2005 ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች ውጤት ወጣ። አንዱ በ15 የሜላኖማ ታማሚዎች ላይ ነበር። ሁለተኛው በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ሲሆን 13 ተመዝግበው 9 ጨረሱ። ክትባቱ በደንብ ተቻለ። ከባድ ጉዳት አላስከተለም። ካንሰሩ ላይ ያሳየው ጉልበት ግን ደካማ ነበር። የቲ ሴሎቹ ምላሽ ትንሽ ነበር፤ ከጠበቅነው በላይ የነቁት ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

በ2008 ከቻይና የወጣውን ሙከራ ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ ግን ትልቅ ትምህርት ያለው ይመስለኛል። 40 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። ኤክሶሶሙ የተወሰደው በራሳቸው ሆድ ውስጥ ከተጠራቀመ ውሃ ነው። ግማሹ ቡድን ኤክሶሶሙን ብቻ ወሰደ። ሌላው ጂኤም-ሲኤስኤፍ ከሚባል ቃፊሮችን ከሚያነቃ ፕሮቲን ጋር አብሮ ወሰደ። ካንሰሩን ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሴሎች የተነሡት በሁለተኛው ቡድን ብቻ ነው። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ ነጥብ ትዝ ይበልሽ። «ይህን ተመልከት» ብቻውን አልሠራም። «አደገኛ ነው» ሲጨመርበት ሠራ።

ፈረንሳዮቹም ይህን አውቀው ሁለተኛውን ምልክት ለማጠናከር ቃፊሮቹን ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል ነገር አነቁ። ከነቁት ሴሎች የተሰበሰበውን ኤክሶሶም ኬሞቴራፒ ለጨረሱ 22 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ሰጡ። ግባቸው ቢያንስ ግማሾቹ በሽታው ሳይብስባቸው አራት ወር እንዲያልፉ ነበር። ያለፉት 7 ናቸው፤ 32 በመቶ ማለት ነው። ግቡ አልተመታም። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ለብዙዎቻችን ከባድ ነበር። መስኩን የዘጋ የመሰላቸውም ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ያ ክትባት ከሴሉ እንደወጣ የተሰጠ ደብዳቤ ነው። ሴሉ የጻፈውን ተቀበልን እንጂ እኛ ራሳችን ምንም አልጻፍንበትም።

አሁን የምንጽፍበት ዘመን ላይ ነን። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ላክታድሄሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። አንደኛው ጫፉ የኤክሶሶም ሽፋን ላይ ይጣበቃል። የምትፈልጊውን አንቲጅን ከዚያ ጫፍ ጋር በጂን ደረጃ አገናኝተሽ ሴሉ ውስጥ ታስገቢያለሽ። ሴሉ አንቲጅኑን ራሱ ኤክሶሶሙ ላይ ለጥፎ ያወጣልሻል። በአይጦች ላይ ሲሞከር፣ ያው አንቲጅን ተበትኖ ከሚወጣ ይልቅ ኤክሶሶም ላይ ተለጥፎ ሲወጣ የበለጠ የመከላከል ምላሽ ቀሰቀሰ። ከተሞከሩት አንዱ ሄር2 ነው፤ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። ይህ ስም በእናትሽ የምርመራ ወረቀት ላይም ሳይኖር አይቀርም። ከታች እመለስበታለሁ።

ለጡት ካንሰር የቀረበ ሌላ ምሳሌ አለ። ምናልባት ያነበብሽው እሱን ይሆናል። በ2022 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ከጡት ካንሰር ሴሎች የወጣ ኤክሶሶም ወሰዱ። አድራሻውን ለማጠናከር አልፋ-ላክታልቡሚን የሚባል የወተት ፕሮቲን እንዲበዛበት አደረጉ። ከዚያ ውስጡን ሁለት ነገር ሞሉት። አንደኛው የካንሰር ሴልን የሚገድል ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የሚገድለው ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። ሴሉ ሲሞት የአደጋ ምልክት እየረጨ እንዲሞት ያደርጋል። ሁለተኛው ሂልቶኖል ይባላል። ቃፊሮቹ ቫይረስ የገባ መስሏቸው እንዲባንኑ ያደርጋል። አስተውዪ፣ አንቲጅን አልጨመሩም። አንቲጅኑን የሚሰጠው እየሞተ ያለው ዕጢ ራሱ ነው። ኤክሶሶሙ የጨመረው «አደገኛ ነው» የሚለውን ነው። ክትባቱ የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ዕጢው ላይ ነው።

ይህ ሐሳብ በጣም ይማርከኛል። የእያንዳንዱን ሰው ካንሰር አንቲጅን ለይቶ ማወቅ ውድ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። ዕጢው ራሱ መረጃውን ከሰጠን ያንን ሁሉ ድካም እንዘልላለን። ሆኖም የተሠራው በአይጦችና ከታማሚዎች ዕጢ ተወስደው በላብራቶሪ ባደጉ ጥቃቅን የዕጢ ሞዴሎች ላይ ነው። በሰው ላይ የተሰጠ ሕክምና አይደለም። አይጥን ማዳን ሰውን ከማዳን በብዙ ይቀልላል። እኛ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ በዚህ ልባችን ተሰብሯል።

ሌላ መልካም ዜናም ልጨምር። የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አንድ ነገር ፈትሸዋል። ኤክሶሶሙ የተወሰደበት እንስሳ ዘር ከተቀባዩ ጋር መመሳሰል አለበት ወይ? ሙሉ አንቲጅን እስከያዘ ድረስ የማይመሳሰለውም ሠራ። ይህ በሰውም ከሆነ ከእያንዳንዱ ታማሚ ደም ቀድቶ ለብቻው መሥራት ላያስፈልግ ይችላል። ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ክትባት ማሰብ ይቻላል።

ታዲያ ለምን አልደረሰም? ከላብራቶሪ ላሳይሽ። ኤክሶሶምን ለመለየት ከምንጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ፈሳሹን በጣም በፍጥነት ማሽከርከር ነው። ከመሬት ስበት 100 ሺህ እጥፍ በሚደርስ ኃይል ለሰዓታት ይሽከረከራል። ስታወጪው ቱቦው ውስጥ ምንም አይታይሽም። ከማሽኑ በፊት የቱቦውን አንድ ጎን በእስክሪብቶ ምልክት እናደርጋለን፤ ያለዚያ ዝቃጩ የት እንደተጣበቀ አናውቅም። ተማሪ ሳለሁ ያንን የማይታይ ነገር በእጄ ይዤ እንዳይፈስብኝ ስፈራ ነበር። ይህን ለአይጥ ማድረግ ይቻላል። ለሺዎች ታማሚዎች፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ጥራት ያለው አድርጎ ማምረት ሌላ ዓለም ነው። አብረው የሚወጡ ሌሎች ቅንጣቶች አሉ። ከአንድ ሴል የሚወጡት ከረጢቶች ራሳቸው እርስ በርስ ይለያያሉ። መጠን የሚለካው በቅንጣት ብዛት ይሁን በፕሮቲን ክብደት ገና ሙሉ ስምምነት የለም። ሙያው ስሙን ራሱ እያስተካከለ ነው፤ አሁን ብዙዎቻችን ኤክሶሶም ከማለት ከሴል ውጭ ያሉ ከረጢቶች ማለትን እንመርጣለን።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ኮዲያክ ባዮሳይንስስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ መስክ ከሁሉም ቀድሞ ሄዶ ነበር። ፒቲጂኤፍአርኤን የሚባል ፕሮቲን እንደ መስቀያ ተጠቅሞ በኤክሶሶም ላይ የፈለገውን መስቀል ችሏል። በሽታ ተከላካይ ሴሎችን የሚቀሰቅሱ ሁለት መድኃኒቶችን በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። በማርች 2023 ግን ኪሳራ አወጀ። ባለሀብት ደከመ እንጂ ሐሳቡ ሐሰት ሆኖ አልተገኘም። ቢሆንም ጎድቶናል።

አንድ ነገር ግን ለክትባት ያደላል። ኤክሶሶም በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይቀራል። መድኃኒት ወደ ሩቅ ዕጢ ለማድረስ ይህ ትልቅ ችግር ነው። ክትባት ግን ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ከቆዳ ሥር ተወግቶ አጠገብ ያለው ሊምፍ ኖድ ቢደርስ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ቲ ሴሎቹ ናቸው። ኤክሶሶም ከሚታሰብለት ሥራ ሁሉ ክትባት ቀድሞ ይሳካል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። የሚሳካውም ብቻውን ሳይሆን እንደ ፔምብሮሊዙማብ ካሉ፣ የቲ ሴልን ፍሬን ከሚለቁ መድኃኒቶች ጋር ይመስለኛል። በተለይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ የቀረው ካንሰር ትንሽ ሲሆን። ብዙ ቦታ ለተሰራጨ በሽታ የትኛውም ክትባት ይከብደዋል። ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ግን እናትሽ ያሉበትን ደረጃ ነግረሽኝ ዝም ማለት አልችልም።

ወደ ክሊኒኩ እንመለስ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው። «ኤክሶሶሙ ከየትኛው ሴል ነው የወጣው?» ምናልባት ከእትብት፣ ከእንግዴ ልጅ ወይም ከሽርት ውሃ ይሉሻል። ስቴም ሴል የሚለውን ቃልም ይጨምራሉ። በገበያ ላይ የሚሸጠው በአብዛኛው ያ ነው። አሁን እስካሁን ያልኩትን አስቢ። ከእትብት የወጣ ኤክሶሶም የእናትሽን ካንሰር አንቲጅን ከየት ያመጣዋል? «ይህን ተመልከት» የሚለው የለም። «አደገኛ ነው» የሚለውም የለም። ከዚያ የባሰም አለ። ሜሴንካይማል ከሚባሉት ስቴም ሴሎች የሚወጣ ኤክሶሶም የመከላከል ምላሽን በማብረድ ነው የሚታወቀው። ተመራማሪዎች የሚያጠኑትም ለዚያ ነው፣ ከልክ ያለፈ ብግነትን ለማስታገስ። ካንሰር ላለበት ሰው የሚያንቀላፋውን ውሻ የበለጠ ማስተኛት ይሆናል። ፖስታው ያው ነው፤ የተጻፈበት ግን የተገላቢጦሽ ነው።

እውነተኛ ሙከራ ከፈለግሽ መለያዎቹ ግልጽ ናቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው የስምምነት ቅጽ ይሰጡሻል። ቅጹ ጉዳቱንም ይጽፋል። ለሚሞከረው መድኃኒት በአብዛኛው አያስከፍሉም። ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ በሚባለው የሕክምና ሙከራዎች መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ኤንሲቲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ይኖራቸዋል። ቁጥር መኖሩ ብቻ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎችም እዚያ ላይ ይመዘገባሉ። ቁጥሩን ይዘሽ ለእናትሽ የካንሰር ሐኪም አሳዪ።

ደግሞም ክትባት ባይኖርም እናትሽ ያለ አማራጭ አልቀሩም። ሳንባ ላይ የታየ የጡት ካንሰር እንደ ዓይነቱ የተለያየ ሕክምና አለው። ሆርሞን ተቀባይ ካለው በየቀኑ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፣ ብዙዎቹን ለረጅም ጊዜ ያቆያሉ። ሄር2 ካለው ትራስቱዙማብና ተከታዮቹ አሉ። ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የሚባለው ከ2022 ጀምሮ ሄር2 ዝቅተኛ ለሆነባቸውም ተፈቅዷል። ሦስቱም ተቀባዮች፣ ማለትም ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮችና ሄር2፣ ከሌሉትና ፒዲ-ኤል1 ከተገኘበት፣ ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞ ጋር ይሰጣል። ቢአርሲኤ የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ ካለ ኦላፓሪብ የሚባል ክኒን አለ። ከእነዚህ የትኛው እንደሚገኝና ለእሳቸው እንደሚሆን የሚያውቀው የሚያያቸው ሐኪም ነው። ልትሸጡት ያሰባችሁት ነገር ካለ፣ ለእነዚህ ለአንዱ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሐኪሙ ጋር ከመቀጠርሽ በፊት የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የዕጢውን ናሙና ምርመራ ውጤት፣ ወረቀት ፈልጊ። ኢአር፣ ፒአር (ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮች ናቸው)፣ ሄር2 የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉበት። ወረቀቱ የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ከጡት በተወሰደ ናሙና ነው። ከሳንባው አዲስ ናሙና መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ካንሰር አንዳንዴ ተቀባዮቹን ይቀይራል፤ ያኔ ሕክምናውም ይቀየራል። የሦስቱን መስመሮች ውጤት ከላክሽልኝ ለሐኪሙ የምታቀርቢያቸውን ጥያቄዎች አብረን እናዘጋጃለን።